ዘይት የሚወጣበትና ዘይት የሚንጠባጠብበት

ሞተር ወርዶ፣ ተፈትቶና ታድሶ ከተገጠመ በኋላ ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ሁለት ሰዎች ያዝናሉ፤ አንዱ መኪናውን የሚነዳው፣ ሌላው ገንዘቡን የከፈለው ነው። በእኛ በስደተኞች ዘንድ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መኪናው የሚሠራው ኮምቦልቻ፣ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ነው፤ የሚታደሰው ግን በአሽራፊዬ ወይም በሐዝሚዬ ሰው ቤት ከምትሠራ እኅታችን ደመወዝ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዶራ ላይ ቡና ስንጠጣ፣ «ጋራዥ ትሠራለህ አሉ፤ እስቲ ይህን ስማልኝ» እያሉ ስልካቸውን ወደ ጆሮዬ ያስጠጉ እኅቶች ጥቂት አይደሉም። ከስልኩ የሚሰማው የወንድም ወይም የአጎት ልጅ ድምፅ ነው፤ ቃሉም ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ሞተሩ ታድሶ ነበር፣ አሁን ግን ዘይት ያፈሳል፣ እንደገና መውረድ አለበት፣ ብር ላኪ።

ውድ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ስለዚህ ነገር በየእሑዱ በጥቂት በጥቂቱ ከምናገር በጽሑፍ ማስፈሩ የተሻለ መስሎ ታየኝ። ከእናንተ መካከል መፍቻ የጨበጠ ብዙ እንደማይኖር አውቃለሁ። ሆኖም ለሥራው የሚከፍል ሰው የሥራውን መንገድ ማወቅ መብቱ ነው።

ሙያውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከሶማሌ ተራ ብዙም ሳይርቅ ነው። ዛሬ የምሠራው ከቤይሩት በስተምሥራቅ፣ ጋራዦችና ብረት ቤቶች ተደጋግፈው በቆሙበት በሰድ ኤል ቡሽሪዬ ነው። ዕቃው በሁለቱም ከተሞች አንድ ነው፤ ስሙ ግን ይለያያል። እኛ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል «ቴስታታ»፣ በሁለት ብረቶች መካከል ገብቶ ዘይትና ውኃ እንዳያልፍ የሚከለክለውን ሉህ ደግሞ «ጓርኒሲዮን» እንላለን፤ ቃላቱ ከጣልያን የቀሩ ናቸው። እዚህ ቴስታታው «ኩላስ»፣ ጓርኒሲዮኑ «ጁዋን» ይባላል፤ እነዚህም ከፈረንሳይ የቀሩ ናቸው። (በነገራችን ላይ፣ በቤይሩት «ሞተር» ማለት ብቻውን ሲነገር ብዙ ጊዜ መብራት ሲጠፋ የሚነሣው የሰፈር ጄኔሬተር ማለት ነው። እርሱም ቢሆን በየእግረኛው መንገድ ዳር ዘይቱን ሲያንጠባጥብ ይውላል።)

በሞተር ውስጥ ዘይት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ፓምፑ ከታች ካለው ቋት በወንፊት እየሳበ፣ ክራንክ ሻፍቱ ወደሚሽከረከርበትና እስከ ቴስታታው ድረስ ገፍቶ ይልከዋል፤ ከዚያም ሥራውን ጨርሶ በራሱ ክብደት ወደ ቋቱ ይወርዳል። በዚህ ጉዞ ሁሉ ዘይቱን ከውጭ የሚለዩት ሦስት ዓይነት ነገሮች ናቸው፤ በማይንቀሳቀሱ ብረቶች መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮን፣ የሚሽከረከረው ዘንግ ወደ ውጭ በሚወጣበት ቦታ የሚቀመጠው ባለከንፈር ጎማ ማለትም ኦይል ሲል፣ ከእነዚህም ጋር በተወሰኑ ማዕዘኖች ላይ የሚቀባው ሲሊኮን። ከሦስቱ ባለመኪኖች በስም የሚያውቁት የመጨረሻውን ነው። ብዙ መካኒኮችም የሚተማመኑበት እርሱኑ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ ያነሰ እምነት የምጥለው በእርሱ ላይ ነው።

ሊባኖስ ውስጥ ይህ ሥራ ከምንጊዜውም በላይ የበዛበት ምክንያት አለ። እ.አ.አ. ከ1997 ማብቂያ ጀምሮ አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ከግማሽ ሲመነዘር ኖረ። ከ2019 መጨረሻ ወዲህ የሆነውን ሁላችንም በደመወዛችን አይተነዋል፤ ይፋዊው ተመን በ2023 ፌብሩዋሪ ወደ 15,000 ከፍ ሲል እንኳ በጎዳናው ላይ ያለው ዋጋ ጥሎት ርቆ ሄዶ ነበር። መለዋወጫ የሚገዛው በዶላር ነው። ስለዚህ ሰው መኪናውን አይለውጥም፣ ያድሳል። ሲያድስም የሚቆጥበው በማይታየው ነገር ላይ ነው። ፒስተን አዲስ መሆኑን ባለመኪናው በዓይኑ አይቶ ያረጋግጣል። አንድ ሰው ግማሽ ቀን ጎንበስ ብሎ የብረት ፊት ሲያጸዳ መዋሉን ግን ማንም አያይለትም፤ ለዚያ መክፈልም ለብዙዎች ገንዘብ መጣል ይመስላቸዋል።

ባለፈው በጋ አንድ አሮጌ መርሴዲስ ገባልን፤ እነዚያ ቀይ ታርጋ አድርገው «ሰርቪስ» እያሉ ሰው ከሚጭኑት፣ ከ1976 እስከ 1985 ድረስ ከተሠሩት ባለአራት ማዕዘን መኪኖች አንዱ ነው። ነጂው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ዐሞ እንላቸዋለን። ከሁለት ወር በፊት በሌላ ጋራዥ ሞተሩን አሳድሰው ነበር። ዘይቱ ከኋላ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ሥር ያንጠባጥባል። ሁለት ጊዜ ወደዚያው ጋራዥ መልሰውት ሁለት ጊዜ የኋላው ኦይል ሲል ተቀየረላቸው፤ ዘይቱ ግን አልቆመም። መኪናው አንድ ቀን በቆመ ቁጥር የዚያን ቀን እንጀራቸው ይቀራል።

ባለጋራዣችን ፍርዱን የሰጠው ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ወዲያው ነው፤ ጎማው ርካሽ ነው፣ ጥሩ ጎማ አምጥተን እንቀይረዋለን አለ። እኔ ግን ሁለት ጊዜ ያልሠራ መድኃኒት በሦስተኛው ይሠራል ብዬ ማመን ከበደኝ። ሞተሩ የሚተነፍስበትን መንገድ ማየት እንዳለብን ተናገርኩ። በባዕድ አገር ጋራዥ ውስጥ የሠራተኛ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ታውቃላችሁ፤ እጃችን ይፈለጋል እንጂ አሳባችን ብዙም አይጠየቅም። ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ስስ የጎማ ጓንት አመጣሁ። ሞተሩን አስነሥቼ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩና የጓንቱን አፍ በመሙያው ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ጓንቱ ቀስ በቀስ ተነፋ፤ ከጥቂት ቅጽበት በኋላ አምስቱም ጣቶች ቀጥ ብለው ቆሙ። ዐሞ ሳቁ፤ ባለጋራዡ ግን አልሳቀም፣ «አውርዱት» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ነገር ነውና። ቤንዚን በፒስተኑ ላይ ሲቀጣጠል ከግፊቱ ጥቂቱ በፒስተኑ ዙሪያ ባሉት ቀለበቶች፣ እኛ ፋሻ በምንላቸው፣ አልፎ ወደ ታችኛው የሞተር ክፍል ይወርዳል። ጤነኛ ሞተር እንኳ ጥቂት ያሳልፋል። ይህ አየር መውጫ ከሌለው በተዘጋው ብረት ውስጥ ይጠራቀምና ዘይቱን ከፊቱ እየገፋ በደካማው ቦታ ይወጣል። ስለዚህ ሞተር ሁሉ መተንፈሻ ተሠርቶለታል። በድሮ ጊዜ ቱቦው ጭሱን ወደ መንገድ ይለቅ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አየሩ በጭስ በታመመባት በካሊፎርኒያ ተጀምሮ፣ ጭሱ ተመልሶ በሞተሩ እንዲቃጠል የሚያደርገው አሠራር ተለመደ። ያ ቀጭን ቱቦ ዘይቱ በጊዜው ሳይቀየር ሲቀር በጥቁር ጭቃ ይደፈናል። የኦይል ሲል ከንፈር የተሠራው የሚረጨውን ዘይት እንዲመልስ እንጂ ግፊት እንዲሸከም አይደለም። መተንፈሻው በተደፈነ ሞተር ላይ የዓለምን ምርጥ ጎማ ብትገጥሙ ያፈሳል።

የዐሞ መኪና መተንፈሻ ቱቦ ሽቦ እንኳ አያሳልፍም ነበር። ይህ ብቻ አልነበረም። ሞተሩን ስንፈታ ፋሻዎቹ አዲስ መሆናቸውን አየን፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ግን እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር። አዲስ ፋሻ የሚገጥመው በግድግዳው ላይ እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ ስስ ጭረቶች ሲኖሩ ነው፤ ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ፣ ፋሻውንም አለሳልሰው ከግድግዳው ጋር ያላምዱታል። ያ ሥራ ስለ ተዘለለ አዲሱ ፋሻ ሳይገጥም ቀርቶ ግፊቱን ወደ ታች ያሳልፍ ነበር። የዘይቱን ቋት ስናወርድ ደግሞ የሲሊኮን ትል አገኘን፤ ትል ያልኩት መልኩ ትል ስለሚመስል ነው። ያለ ልክ የተቀባ ሲሊኮን ቡሎን ሲጠብቅ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይወጣል። ወደ ውጭ የወጣውን ባለመኪናው አይቶ «አጥብቀው ሠርተውልኛል» ይላል፤ ወደ ውስጥ የወጣው ግን ተቆርጦ ይወድቅና ወደ ፓምፑ ወንፊት ይሄዳል። ወንፊቱ ከተሸፈነ ዘይት መሳብ ያቆማል፤ ያኔ ጉዳዩ የመንጠባጠብ መሆኑ ቀርቶ የሞተር ሞት ይሆናል። ከዐሞ ወንፊት ላይ ሲሶው ያህል ተሸፍኖ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሲነገር አጭር፣ ሲሠራ ረጅም ነው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ከብረቱ ፊት ላይ መነሣት አለበት፤ ነገር ግን በሚፈጭ ዲስክ አይደለም። ዲስኩ ፈጣን ነው፤ ዱቄቱ ግን በዘይት መንገዶች ገብቶ ክራንክ ሻፍቱ የሚያርፍባቸውን ለስላሳ ብረቶች ይበላል፤ የአሉሚኒየሙን ፊትም ያጎደጉዳል። በፕላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ፣ በማሟሚያ እያራሱ፣ በትዕግሥት ነው የሚነሣው። በመጨረሻም ዘይት ባልነካው ንጹሕ ጨርቅ ሲጠርጉት ጨርቁ ነጭ ሆኖ መመለስ አለበት። እኔ ጨርቁን አይቼ ነው የምወስነው።

ቀጥሎ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቴስታታው ፊት ላይ በቁመት፣ በአግድምና በሰያፍ ይቀመጥና በሥሩ ስስ የመለኪያ ቅጠል ይሞከራል። ለአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ሞተሮች የሚፈቀደው ጉብጠት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአንድ ጠጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። በዚህ መርሴዲስ ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ያህል ይለጠጣልና አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የጋለ ሞተር ቴስታታው ሳይጎብጥ አይቀርም። የጎበጠ ቴስታታ መላግ አለበት፤ ወፍራም ሲሊኮን አያቃናውም። እንዲያውም በቴስታታ ጓርኒሲዮን ላይ ሲሊኮን ሲቀባ ካያችሁ ከዚያ ጋራዥ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የቡሎን ቀዳዳዎችም አሉ። ሞተሩ ሲታጠብ በእነዚህ ድፍን ጉድጓዶች ውስጥ ውኃና ዘይት ይቀራል። ቡሎኑ ሲገባ ፈሳሹ የሚሄድበት የለውምና ይጨነቃል፤ የማጥበቂያው ቁልፍ «ጠብቋል» ይላል፤ ቡሎኑ ግን ገና ቴስታታውን አልጫነም። ሲብስ ብሎኩ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉድጓድ በአየር ይነፋል። ማጥበቁም የሚጀምረው ከመካከል ነው፤ ወደ ዳር እየሄዱ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው፣ በሚለካ ቁልፍ ነው። ሲጠብቁ እንዲለጠጡ ተደርገው የተሠሩ ቡሎኖች ደግሞ ተለክተው ከልካቸው ካለፉ ይጣላሉ። በዚህ ላይ ባለጋራዡና እኔ ሁልጊዜ እንከራከራለን፤ እርሱ በእጁ ስሜት ሠላሳ ዓመት አጥብቋል። እጁን አከብራለሁ፤ በልኬት ማጥበቁን ግን አልተውኩም።

የኋላውን ኦይል ሲል በተመለከተ፣ ክራንክ ሻፍቱ ላይ የአሮጌው ጎማ ከንፈር የቆፈረው መስመር ነበር። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ መስመር ካለ አዲሱ ጎማ እዚያው ላይ ማረፍ የለበትም፤ ቦታው ከፈቀደ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተደርጎ ባልተበላ ብረት ላይ ይቀመጣል፣ ካልሆነም ስስ የብረት ቀለበት ይለብስበታል። የተለመደው የጎማ ከንፈር ከመግባቱ በፊት በዘይት ይለሰልሳል፤ ቴፍሎን ከሆነ ግን ደረቁን ነው የሚገባው፣ ዘይት ከነካው በዘንጉ ላይ አይላመድም። ሁለት ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ዕቃዎች፣ ሁለት ተቃራኒ ሕጎች። ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን የማያነብ መካኒክ ሁለቱንም በዘይት ይነክራል። ሲሊኮኑን በቋቱ ማዕዘኖች ላይ ብቻ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር በሚሆን ቀጭን መስመር አደረግነው፤ ዘይት ሳንሞላበትም አሳደርነው። ዐሞ በዚያች አንድ ሌሊት እጅግ ተጨነቁ፤ ያለፈው ጋራዥ በዚያው ምሽት አስነሥቶ ሰጥቷቸው ነበርና።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። በፉርን ኤሽ ሹባክ የምትሠራ አንዲት እኅታችን ለወንድሟ ሚኒባስ ሞተር ማሳደሻ የብዙ ወራት ደመወዝ ልካ ነበር። በዚህ አገር የቤት ሠራተኛ በወር 150 ወይም 200 ዶላር ስታገኝ የብዙ ወር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ከዚያ በኋላ የመጣው መልእክት የኋላው ኦይል ሲል ያፈሳልና ካምቢዮው መውረድ አለበት የሚል ነበር። ወንድሟ አላታለላትም፤ የተነገረውን ነው የነገራት። እኔም «እኅቴ፣ ከመላክሽ በፊት አንድ ነገር ይሥራልሽ» አልኳት። ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ታጥቦ ይድረቅ፤ ከዚያ የሕፃን ፓውደር ይነስነስበት፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳና ከላይ ጀምሮ በቪዲዮ ይቀረጽ።

ዘይት ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታና ዘይቱ የወጣበት ቦታ አንድ የሚሆኑት ጥቂት ጊዜ ነው። የሚፈለገው ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍ ብሎ የሚገኘው ነው። በቪዲዮው ላይ ነጩ ፓውደር ጠቁሮ የታየው ከቴስታታው ኋላ፣ የቫልቭ ክዳኑ ጫፍ ላይ ነበር። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች በዚያ ቦታ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጎማ አለ። ያ ጎማ ሲደርቅ፣ ወይም ሲታደስ አሮጌው ሲመለስ፣ ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ ልክ የኋላው ኦይል ሲል እንዳፈሰሰ ሆኖ ይንጠባጠባል። ካምቢዮ ማውረድ አላስፈለገም። ጎማውና የክዳኑ ጓርኒሲዮን ተቀየሩ፤ ሥራው ከምሳ በፊት አለቀ። የቀረውን ገንዘብ ለመኖሪያ ፈቃዷ ማደሻ አዋለችው።

ለሌሎቻችሁም ይህን ብትጠይቁ መልካም ነው፤ ቴስታታው ተለክቷል ወይ? መተንፈሻው ተከፍቶ ታይቷል ወይ? ቡሎኖቹ አዲስ ናቸው ወይስ የድሮዎቹ? የመጣው ጓርኒሲዮን ሣጥን ፎቶው ይላክልኝ። ለቫልቭ ክዳን ርካሽ ዕቃ ቢገዛ አልቃወምም፤ በሁለት ሰዓት ይቀየራል። ለቴስታታና ለኋላው ኦይል ሲል ግን ርካሽ መግዛት በሥራው ዋጋ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው፤ ዕቃው ትንሽ፣ ወደ እርሱ ለመድረስ የሚፈታው ብዙ ነውና። ደግሞም ዘይቱ ከመለኪያው የላይኛ ምልክት በላይ እንዳይሞላ ንገሯቸው። «ለጥንቃቄ» ብለው የሚጨምሩት ዘይት በክራንክ ሻፍቱ ተመትቶ አረፋ ይሆናል፣ ግፊቱንም ይጨምራል።

የዐሞ መርሴዲስ ከወጣ በኋላ ነጭ ካርቶን ሰጠኋቸው፤ ማታ ማታ ሲን ኤል ፊል በሚያቆሙበት ቦታ ከሞተሩ ሥር እንዲያነጥፉት፣ የፊቱ በየት በኩል እንደሆነም በእስክሪብቶ ምልክት አደረግሁበት። አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ነድተው ለዘይት ቅየራ ሲመጡ ካርቶኑን በብብታቸው ይዘው ነበር። ንጹሕ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌሎች አምጥተውልኛል። በሦስተኛው ላይ አንድ ክብ እድፍ ነበረና በጣም ደንግጠው ገቡ፤ ጣቴን አሳርፌ አሸተትኩት፤ ከአየር ማቀዝቀዣው የወረደ ውኃ ነበር።